ለሩት የሚሆን ወረቀት

ቴልማን አውራጃ፣ ኦሃዮ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2023

ለዘመዴ ለኤሞሪ ክላግ፤

ይህ ደብዳቤ ከነቤተሰብህ በደህና ያግኝህ። ክረምቱን ጌታ ያሳልፍህ፤ እናንተ ዘንድ ብርዱ ከኛ የባሰ እንደሆነ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እኔ አለሁ። ደረጃ ካልወጣሁ ጉልበቴ ዝም ይላል።

ሎዌል ፕሬዊት ነኝ። አያቶቻችን እህትማማች የሆኑት፣ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥነው። ጽሕፈቱን ባታውቀው አይገርምም። በየገናው ካርድ ይጽፍልህ የነበረው የባለቤቴ የኒታ እጅ ነው። ከታች «ሎዌልና ኒታ» እያለች የምትፈርመው እሷው ናት፤ እኔ የለሁበትም። ኒታ ሞታለች። በኦክቶበር ሁለት ዓመት አለፋት። ሳንባ ነው። ልነግርህ ነበር፤ ቀረ።

አሁን የምጽፍልህ ለጉዳይ ነው። ባለጎማ ቤቴ የቆመበት መሬት ተሸጠ። ቤቱ የኔ ነው፣ መሬቱ የሰው ነው። እስከ ጁን 30 ሁላችንም ልቀቁ ተብለናል። ቤቱን ጎትቼ እንዳልወስደው አርባ ዓመቱ ነው፤ ከተነቃነቀ ከወገቡ ይሰበራል። አውራጃው ደግሞ የድሮ ትምህርት ቤታችንን አፓርታማ እያደረገው ነው። ሕንፃውን በነጻ ሰጠ፣ ከራሱም ጨመረበት፣ ለሽማግሌና ለቀድሞ ወታደር ኪራዩ እንዲቀል። ሠላሳ ሁለት ቤት ይወጣዋል። አንዱ ለኔ ተይዟል። ከስምንተኛ ክፍል ጥዬው ወጥቼ ነበር፤ በስተርጅና ሊመልሰኝ ነው።

ችግሩ ውሻዋ ናት።

ኒታ ከሞተች በኋላ ወደ አውራጃው ባዛር ሜዳ እየሄድኩ የውሻ ቤት መጥረግ ጀመርኩ። እዚያ አውራጃው በሚከፍለው ገንዘብ ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጡ አጋዥ ውሾች ይሠለጥናሉ። ውሻ ፈልጌ አልሄድኩም። መጥረጊያ ስለነበረ ነው የሄድኩት። አሠልጣኟ ዶሎሬስ አንድ ቀን ጠራችኝ።

«ሎዌል፣ ይህችን ለሳምንት ቤትህ ውሰዳት። ባለጎማ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትሆን ልይ።»

«ውሻ አልፈልግም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? እሷን ነው የጠየቅኩት።»

ያ ሳምንት እስከ ዛሬ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ስሟ ሩት ነው፤ እኔ አላወጣሁላትም። ጥቁር ናት፣ አንድ ጆሮዋ ይታጠፋል። ቁርስ የምበላበት ቤት ሰዎቹ ይቀልዱብኛል። «ሎዌል፣ ሚስትህ እግሬ ላይ ተኛች፤ አትቀናም?» ይሉኛል። «ለመኝታ ስትሆን ሰው አትመርጥም» እላቸዋለሁ።

ከአውራጃው የቤት ቅጽ መጣ። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ቢሮ ያለችው ሴትዮ፣ ማርቪስ ቶል ትባላለች፣ «ላንብብልዎት?» አለችኝ። ዓይን አለኝ አልኳት፣ ይዤው ቤቴ ገባሁ። ሕመም አለብህ ወይ ይላል፤ የለም አልኩ። ረዳት ትሻለህ ወይ፤ አልሻም። ከጦርነቱ የቀረብህ ነገር አለ ወይ፤ የለም። እስከ ታች የለም፣ የለም እያልኩ ወረድኩና ፈረምኩ። አባቴ መንግሥት ሲጠይቅህ የለም በል ነው ያለኝ።

በሳምንቱ ደወለች። «አቶ ፕሬዊት፣ ምንም አያስፈልገኝም ብለው ፈርመዋል። እንደዚያ ከሆነ ሩት ተራ የቤት ውሻ ናት ማለት ነው። ሕንፃው ውስጥ ከድመት የሚተልቅ እንስሳ አይገባም።»

«እንግዲያው እኔም አልገባም።»

«ቢቀሩም ውሻዋ አትቀርልዎትም። የአውራጃው ናት። በስምዎ ካልተመዘገበች በጁን 30 ለተረኛው ትሄዳለች።»

ያልኩትን ማረም ይቻላል አለች። ግን ምስክር ያስፈልጋል። ከጦርነቱ በፊት የሚያውቀኝ፣ ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ በዓይኑ ያየኝ ሰው መጻፍ አለበት። የሐኪም ወረቀትም ይበቃ ነበር፤ ቀጠሮ የሚገኘው ግን በሴፕቴምበር ነው። ወንድሜ ሞቷል። ኒታ ሞታለች። የቀረኸው አንተ ነህ።

አንድ ገጽ ይበቃል። ጸጥ ያለ ልጅ ነበር፣ ሲመለስ ሌላ ሆኖ ተመለሰ ብለህ ጻፍ። ስለ በረንዳው መጻፍ አያስፈልግም።

ጌታ ቤትህን ይጠብቅ።

ሎዌል


ሳስካችዋን፣ ካናዳ
አፕሪል 2 ቀን 2023

ለተከበርከው ዘመዴ ለሎዌል፤

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እኔና ባለቤቴ ኦልጋ ደህና ነን። በረዶው ገና ከአጥሩ አልወረደም። ለኒታ የነፍስ ዕረፍት፣ ለአንተ መጽናናት እንመኛለን። ካርዱ ሁለት ገና ሲቀር ኦልጋ «ከነዚህ ሰዎች አንዱ ሞቷል» ብላኝ ነበር። የትኛችሁ እንደሆነ ጽፌ አልጠየቅሁም። ይቅርታ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። የዘገየው ፖስታው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ስለ በረንዳው አያስፈልግም ብለሃል። ሎዌል፣ ከጦርነቱ ከተመለስክ በኋላ ያየሁህ አንድ ቀን ነው። ያም ቀን የበረንዳው ቀን ነው። ሌላ ያየሁት የለኝም። ይህን ከተውኩ ገጹ ባዶ ይሆናል።

አንተ ረስተኸው እንደሆነ እንዳየሁት ላስታውስህ። 1972 ነው፣ እሑድ። እኔ ድንበሩን ከተሻገርኩ እታሰር ስለነበር እናቴ መሞቷን በአፍህ ልትነግረኝ ሦስት ቀን ነድተህ መጣህ። ቀትር ላይ ምሳ በላን። በረንዳው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደህ። ቡና አምጥቼ ትከሻህን ነካሁህ። ተነስተህ አንገቴን ያዝከኝ። አከራዬ አቶ ያሬምኮ ባይደርስ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሰው አይኖርም ነበር። ከዚያ መኪናህ ውስጥ ገባህ። አንድ ቃል ሳትናገር ሄድክ።

ድምፄ አልተመለሰም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩት በሹክሹክታ ነው። ልጆቹ ፊት ለፊት ለመቀመጥ ይሻሙ ነበር፤ ጎበዞች ስለሆኑ አይደለም፣ ከኋላ ስለማይሰማ ነው። ይህን ለኒታ ነግሬያት አላውቅም። አሁንም ልወቅስህ ብዬ አይደለም።

እጽፍልሃለሁ። ግን የማላውቀውን አልጽፍም። ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። ተኝተህ ነበር?

መልካሙን ሁሉ እመኝልሃለሁ።

ኤሞሪ


ቴልማን አውራጃ
አፕሪል 14 ቀን 2023

ለኤሞሪ፤

ሰላም ይሁንልህ። ለኦልጋም።

ስለ ድምፅህ አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ።

የጠየቅኩህ አንድ ገጽ ነው። አንተ የምትጠይቀኝ ሌላ ነው። እኔ አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም። በ1968 በሴፕቴምበር ወደ ካናዳ ሄድክ። የአውራጃው የምልመላ ኮሚቴ ለጦርነቱ ለኦክቶበር ስድስት ሰው ቆጥሮ ማስረከብ ነበረበት። አንተ ስትጎድል አምስት ሆኑበት። ከስድስተኛው ቀጥሎ ዝርዝሩ ላይ የማን ስም እንደነበረ ታውቃለህ፤ ወረቀቱ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ አብረን ነው ያነበብነው። አንተ ነህ ያነበብክልኝ።

ስለዚህ እኔ አንተን ሳልጠይቅ አንተ እኔን አትጠይቀኝ።

ተወው። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

ሎዌል


ቴልማን አውራጃ
ሜይ 6 ቀን 2023

ለዘመዴ ለኤሞሪ፤

በደህና እንዳለህ ተስፋ አደርጋለሁ። በረዶው ቀልጦላችሁ ይሆናል። እዚህ ሣሩ ወጥቷል። ጌታ ዓመቱን የጥጋብ ያድርገው።

አልመለስክልኝም። እኔም ተወው ብዬሃለሁ። ሌላ ሰው ፈልጌ ነበር። የለም።

ማክሰኞ ዕለት አራት ሰዓት ላይ አውራጃው ስብሰባ ነበረው፤ የኛ ሦስት ሹሞች ማክሰኞ ጠዋት ነው የሚቀመጡት። የውሾቹ ገንዘብ ለመጪው ዓመት ይቀጥል ወይስ ይቁም፣ ለአፓርታማው የቀረው ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ ሊወስኑ ነው። ዶሎሬስ «ሩትን ይዘህ ና፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለችኝ። ዝም ብሎ መቀመጥ እችላለሁ። ሩትን ወንበሬ ሥር አስተኝቼ ኮፍያዬን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

አንዱ ሹም፣ መንገድ የሚሠራው ሰውዬ፣ «ውሻ ነው ወይስ አስፋልት? እኔ ጉድጓድ ያለበት መንገድ አለኝ» አለ።

ከኋላ አንዲት ሴት «መንገዱንማ ውሻው ይቆፍርልሃል፤ ያንተ ሠራተኞች ከሚቆፍሩት ይሻላል» አለችው። ሰው ሳቀ።

ሊቀ መንበሩ ሳቁ ሲያልቅ «ዛሬ አንድ የቀድሞ ወታደር ከመካከላችን አለ። ይነሱልን፣ እንያቸው» አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። አልተነሳሁም። ለመታየት አልመጣሁም። ሩት ተነሳች። ለኔ ያጨበጨቡ መስሏቸው ለሷ አጨበጨቡ። ገንዘቡ ሁለት ለአንድ አለፈ።

ውጭ ማርቪስ ቶል ደረሰችብኝ። «አቶ ፕሬዊት፣ ምስክርዎ የት ደረሰ?»

«እየመጣ ነው።»

«በፖስታ ነው በእግሩ?»

«ከካናዳ ነው። ሩቅ ነው።»

ዋሸሁ ማለት ነው። ከኒታ ሞት ወዲህ የዋሸሁት ይህ ብቻ ነው መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት ተረኛው ወደ ባዛር ሜዳው መጣ። ከኔ በኋላ ሩት የምትደርሰው ሰው። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ግራ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። «ጌታዬ፣ ውሻዋን ላያት ነው፤ ይፈቅዳሉ?» አለኝ። ጥፋት የለበትም። ስሙን ዝርዝር ላይ የጻፈው እሱ አይደለም። ዶሎሬስ ሩትን ወደሱ ሰደደቻት፤ ሄደች፣ እጁን አሸተተች፣ ተመልሳ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ልጁ «ታውቃለች» አለ። ከዚያ መጥረጌን ቀጠልኩ።

ሁለት ሳጥን አሽጌያለሁ። የኒታ ሹራቦች ናቸው። ማን እንደሚለብሳቸው አላውቅም።

አንድ ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። መልሱ አላውቅም ነው። ሦስት ቀን ስነዳ መኪናው ውስጥ ከኔ ጋር የተቀመጠው ያ የፖስታ ቤቱ ወረቀት ነው። የእናትህን ሞት ከነገርኩህ በኋላ ምን እንደምልህ ከፋርጎ ጀምሮ ስለማመድ ነበር። ደረስኩ፣ ስለ እናትህ ነገርኩህ፣ አለቀስክ፣ ድንች አበላኸኝ። ሌላውን ሳልነግርህ ደከመኝ። ከዚያ እጄን አንገትህ ላይ አገኘሁት። በመካከሉ ያለውን አላውቀውም። ፈልጌዋለሁ። የለም።

ተኝቼ ነበር ብል ሩትን አገኛለሁ፣ ቤቱንም አገኛለሁ። ግን አላውቅም። ሃምሳ ዓመት ከመንግሥት ምንም ያልጠየቅኩት ለዚህ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ያመመኝ ነው ብዬ፣ ሳያመኝ ክፋት ብቻ ቢሆንስ? ኒታን ከተጋባን ጊዜ ጀምሮ ሌላ ክፍል አስተኛኋት። አርባ ሰባት ዓመት። አኩርፋ አታውቅም። ጠዋት በሩን ከውጭ አንኳኩታ ቡናው ደርሷል ትለኝ ነበር።

ሩት ግን ታነቃኛለች። ሰው አይደለችም። መተንፈሴ ሲለወጥ አፍንጫዋን መዳፌ ሥር ታስገባለች፣ እኔ እነሳለሁ፣ ማንም አልተጎዳም። እሷ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

ያየኸውን ጻፍ። ነቅቶ ነበር ካልክም እንደዚያው ጻፍ። ወስጄ እሰጣታለሁ።

ሎዌል


ሳስካችዋን
ሜይ 28 ቀን 2023

ለወንድሜ ለሎዌል፤

ሰላምና ጤና ካንተ አይለይ። ወንድሜ ያልኩህ አስቤበት ነው፤ ካልወደድከው ሰርዘህ አንብበው።

ከዚህ ጋር ምስክርነቱን አድርጌልሃለሁ። በከተማችን ፍርድ ቤት ፊት ቀርቤ አስፈርሜበታለሁ። ከማስረከብህ በፊት ግን አንድ ነገር ከአፌ ልትሰማው ይገባል።

ተኝተህ ነበር ወይ ብዬ የጠየቅሁህ መልሱን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ነቅቼ ነበር እንድትለኝ ነው።

ያን ቀን ስታንቀኝ የተናገርከውን ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ታገኘዋለህ። የሰማሁ ዕለት ገባኝ። ግን ለማንም አልነገርኩም፣ ለኦልጋም ጭምር። በኔ ፈንታ ሄድክ፤ ተመልሰህ መጣህና አንገቴን ያዝክ፤ ተካካስን ብዬ ኖርኩ። ድምፄ ሲጠፋ ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረውም። ልጆቹ አልሰማንህም ሲሉኝ ይገባኛል እል ነበር። ተኝተህ ከነበረ ግን ምንም አልተካካስንም። አንተ እዚያ ሄደህ ቀርተሃል፣ እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብያለሁ፤ በቃ ይኸው ነው።

በ1977 ከምልመላው ለሸሸን ሰዎች ምሕረት ሲታወጅ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ኦልጋ «ለምን አትሄድም?» ስትለኝ መኪናው ችግር አለበት አልኳት። መኪናው ደህና ነበር።

ይህን ቃል አንተ ሃምሳ ዓመት ስትፈልገው እኔ መሳቢያ ውስጥ ይዤው ነበር። ይቅር በለኝ አልልህም። ወረቀቱን ብቻ ውሰድ።

ኤሞሪ


ለሚመለከተው ሁሉ፤

እኔ ኤሞሪ ጄ. ክላግ ሎዌል ፕሬዊትን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስምንት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። አባቱ አሳማ ሲያርድ ከጎተራው ጀርባ ሄዶ ጆሮውን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ሰው መትቶ አያውቅም። እኔ መትቼው አውቃለሁ፤ አልመለሰልኝም።

ከጦርነቱ ከተመለሰ በኋላ ያየሁት ጁላይ 16 ቀን 1972 ነው። ቀትር ላይ በረንዳ ላይ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። ትከሻውን ነካሁት። ወለሉ ላይ ጣለኝ፣ በላዬ ተኛብኝ። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ እኔን ግን አላየኝም። በአንድ እጁ አፌን፣ በሌላው ጉሮሮዬን ያዘ። አልጮኸም። ጆሮዬ ሥር ሆኖ በቀስታ ነው የሚናገረው። ስሜን አልጠራም። «ሬይ፣ ዝም በል። ሬይ፣ ዝም በል፣ ይሰሙናል» ነበር የሚለኝ። ያለቅስ ነበር።

ሊገድለኝ አልነበረም። ሬይ የተባለውን ሰው ሊደብቀው ነበር። ይህን ያን ቀን አውቄአለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።

ሰውየው ሲተኛ ሰው ሊነካው አይገባም። ሳትጎዳው፣ ሳይጎዳትም የምትቀሰቅሰው ፍጥረት ካገኘ አትውሰዱበት።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው።

ኤሞሪ ጄ. ክላግ


ቴልማን አውራጃ
ጁላይ 2 ቀን 2023

ለኤሞሪ፤

አንተንም ኦልጋንም ጌታ በጤና ያኑርልኝ። ስንዴያችሁ ደህና ነው ወይ? እዚህ ዝናብ በዝቷል።

አልሰረዝኩትም።

ፖስታህ ጁን 12 ደረሰ። ያንተን ደብዳቤ አነበብኩ። ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ሌላውን ወረቀት አልከፈትኩትም። እንደታሸገ ለማርቪስ ቶል ወሰድኩላት።

«አላነበቡትም?» አለችኝ።

«መነጽሬን ረስቻለሁ።»

«ደረትዎ ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው ታዲያ?»

«እሱ የሩቅ ነው።»

በሩን ዘጋችና አነበበችልኝ። ሩት ጫማዬ ላይ ተኝታለች። አሳማው ጋ ስትደርስ እውነት ነው አልኳት። ስሙ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ልቀጥል?»

«ቀጥይ።»

ቀጠለች። ስትጨርስ ውሃ ቀዳችልኝ። ጠጣሁት። ያው ውሃ ነው። ምንም አልተሰማኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ተሰማኝ ብልም የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም። «ይህን ሰው ሬይን ያውቁታል?» አለችኝ። አውቀዋለሁ አልኳት። ቅጹን አምጥታ ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበበችልኝ። አንዱን «የለም» «አለ» አልኩት። ሌላውንም «አለ»። ፈረምኩ።

ማን እንደነበረ እዚህ አልጽፈውም። በአካል ብትጠይቀኝም አልመልስልህ ይሆናል። ግን ተኝቼ ነበር። ይህን አሁን አውቃለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ዓመት ቁጭ ብዬ ልቆጥረው ሞከርኩ፤ ሩት መውጣት ፈለገች፣ ተነሳሁ።

ለምን ቶሎ አልነገርክም ብዬ ልቆጣህ ነበር። ቁጣውን ለሁለት ሳምንት ጠበቅኩት። አልመጣም። ይመጣ ይሆናል። ከመጣ እጽፍልሃለሁ።

ሩት ጁን 20 በስሜ ተመዘገበች። ተረኛው ልጅ ሌላ ውሻ እስኪሠለጥን እስከ ጃንዋሪ እንዲጠብቅ ተነገረው። ሲነግሩት እዚያው ነበርኩ። «ችግር የለም» አለ። ችግር እንዳለው ያስታውቃል። አሁን በኔ ምክንያት የሚጠብቅ ሰው አለ። እንደዚህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚቻል ካንተ በቀር የሚያውቅ ሰው የለኝም። ማክሰኞ ማክሰኞ ቁርስ እንብላ አልኩት። መጣ። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚበላው።

ወደ ሕንፃው የገባሁት ጁን 28 ነው። የድሮ ቤቴን ሊያፈርሱት ሲመጡ አላየሁም። የሰጡኝ ቤት የሦስተኛ ክፍል የነበረው ነው፤ መስኮቱ ረጅም ነው፣ ወጥ ቤቱ ጥቁር ሰሌዳው የነበረበት ጋ ነው። ወለሉ ሲረገጥ ድምፁ ያው ነው። ጎረቤቴ አንዲት ፖሊን የምትባል መበለት ናት፤ «ውሻህ ካንተ የተሻለ ሰላምታ ትሰጣለች» አለችኝ። ተምራ ነው አልኳት።

እንግዳ ማሳደር ይፈቀዳል፤ እስከ አሥራ አራት ቀን ነው። መኪናህ ደህና ከሆነ ማለቴ ነው።

ኪራዩን ስፈርም አንድ ቦታ ባዶ ቀረ። ሰውየው አንድ ነገር ቢሆን ለማን ይነገር ይላል። ኒታ ከሞተች ወዲህ በሆስፒታሉም፣ በባንኩም፣ የትም ቅጽ ላይ ያን መስመር ባዶ ነበር የምተወው። ማርቪስ «ባዶ አይሆንም፣ የሰው ስም ያስፈልገዋል» አለችኝ። ያንተን ጻፍኩ። ፊደሉን ከፖስታህ ጀርባ እያየሁ ነው የገለበጥኩት። ዝምድና ለሚለው ከአያት በኩል አልኩ። ከስምህ ጎን የስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥርህን አላውቀውም። ላክልኝ። ሴትዮዋ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ ብላለች።

ሎዌል